የነርቭ ኮረንቲ ምርመራ ከአያት ማዶ፦ እግር ሳይሞቅ የተሠራ ውጤት አትቀበሉ

የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ከሚመጡት በሽታዎች አንዱ፣ ሉፐስ፣ ሾግረን (ዓይንና አፍ የሚያደርቀው)፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ወይም ቫስኩላይቲስ (የደም ሥር ብግነት)፣ ያለበት ሰው እግሩ መደንዘዝ፣ እጁ መዛል ሲጀምር ሐኪሙ ከሚያዛቸው ነገሮች አንዱ የነርቭ ኮረንቲ ምርመራ ነው። በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ኤንሲኤስ ወይም ኢኤምጂ ተብሎ ይጻፋል። እዚህ የምንገመግመው ከአያት አደባባይ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል የሚሰጠውን ይህንኑ አገልግሎት ነው። ስሙን አናነሳም፤ የሚባለው አብዛኛው ነገር ሌላ ቦታ ለሚሠራም ያገለግላል።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ የምትሠራው ባለሙያ እጇ የለመደ ነው፣ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ሪፖርቱም ከሚገባው በላይ አጭር ነው። ከአራቱ ውጤቱን ሊያበላሽ የሚችለው ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ ምርመራው ምን እንደሚለካ። ነርቭ ውስጡ ክር አለው፣ ብዙው ክር ደግሞ ማይሊን የሚባል ቅባታማ ልባስ አለው። ባለሙያዋ ቆዳ ላይ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ የማይሞላ ኮረንቲ ትለቃለች፣ ጫፍ ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ የደረሰውን ሞገድ ይቀበላል። ልባሱ ከተጎዳ ሞገዱ ይዘገያል። ክሩ ራሱ ከሞተ ፍጥነቱ ብዙም ሳይነካ የሞገዱ ቁመት ያጥራል። ከላይ በጠራናቸው በሽታዎች በአብዛኛው የሚታየው ሁለተኛው ነው። በቫስኩላይቲስ ለምሳሌ ነርቩን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተቆጥተው ይዘጋሉ፣ ነርቩ ደም አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ አንብቡ ከተባላችሁ መጀመሪያ የሞገዱን ቁመት እዩ፣ ፍጥነቱን ቀጥሎ።

ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ቁጥሮች እነሆ። ከውጭ በኩል ካለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ የሚያልፈው ሱራል የሚባለው የስሜት ነርቭ ሞገድ በአዋቂ ብዙውን ጊዜ 6 ማይክሮቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ዝቅ ማለቱ አያስደንቅም። በክንድ ላይ የሚዲያን ነርቭ ፍጥነት በሰከንድ 49 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ፣ በእግር ደግሞ ከ40 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ከእጅ አንጓ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ኮረንቲው የሚወስደው ጊዜ ከ4.4 ሚሊሰከንድ ካለፈ አንጓው ላይ ነርቩ ተጨንቋል ተብሎ ይጠረጠራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ያበጠው የመገጣጠሚያ ሽፋን በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ነርቩን ይጫነዋል።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው። የእጅ ቆዳ 32፣ የእግር ቆዳ ቢያንስ 30 ዲግሪ ሳይሞላ መለካት መጀመር የለበትም። ነርቭ በቀዘቀዘ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ በየአንድ ዲግሪው በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር። ሐምሌ ላይ በጭቃ መንገድ መጥቶ እርጥብ ካልሲውን ያወለቀ ሰው እግሩ 26 ዲግሪ ቢሆን፣ እውነተኛው የ45 ሜትር ፍጥነት 37 ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ይህ የልባስ በሽታ ይመስላል፤ ሰውየው ያለበት ግን የክረምት እግር ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቅዝቃዜ የስሜት ነርቭን ሞገድ ያሳድጋል። ክሩ መሞት ጀምሮ ቁመቱ ሊያጥር ሲገባው ቅዝቃዜው ያስረዝመውና ጉዳቱን ይሸፍነዋል። አንድ ቀዝቃዛ እግር የሌለውን በሽታ አስነብቦ ያለውን ሊደብቅ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ለማንም ታካሚ ይሠራል፣ ለሉፐስና ቆዳን ለሚያደርቀው ለስክሌሮደርማ ታካሚ ግን እጥፍ ነው። ብዙዎቹ ሬይኖ የሚባለው አላቸው፦ ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው ይነጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ሲሞቅ ይቀላል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በተሠራች ከተማ ዳር፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ እግራቸውን አልጋ ላይ ሲጠብቁ የሚቆዩት እነዚሁ ናቸው።

ማዕከሉ ማሞቂያ አለው። ችግሩ ማሞቂያው ጥግ ላይ መጥፋቱ ነው። ሲጠየቁ ያበሩታል፣ ፀጉር ማድረቂያም ያመጣሉ፤ ማድረቂያው ግን ላይ ላዩን ቆዳ ያሞቃል እንጂ ውስጥ ያለው ነርቭ ወዲያው አይሞቅም። የሚሻለው ለብ ያለ ውሃ በባልዲ ነው፦ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ ነክሮ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ማድረቅ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ ሙቀቱን መለካት። የውሃውን ሙቀት የሚፈትሸው ግን ታካሚው በእግሩ አይደለም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ባለሙያዋ በክርኗ ወይም በቴርሞሜትር ትፈትሽ። ይህን ስትጠየቅ ፊቷ አይከብድም፣ ይህ ይመሰገናል። የማይመሰገነው የተለካው ሙቀት ሪፖርቱ ላይ አለመጻፉ ነው። ሙቀት ያልተጻፈበትን የፍጥነት ቁጥር ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ሊያምነው አይችልም። «ዲግሪው ይጻፍልኝ» በሉ፤ አንድ መስመር ናት።

ከቅዝቃዜው ቀጥሎ ያለው ጠላት መብራት ነው። 6 ማይክሮቮልት ማለት ከቮልት ሚሊዮንኛ ስድስት እጅ ነው፤ የግድግዳው መስመር ደግሞ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። አዳዲሶቹ የከተማ ዳር ሕንፃዎች ግራውንድ ሽቦው በደንብ ካልተዘረጋ ይህ ርግብግብታ ስክሪኑ ላይ እንደ ሣር ይበቅልና ሱራልን ይውጠዋል። እዚህ ቦታ ሥራውን ያውቁበታል። አልጋው ከግድግዳው ተነጥሏል፣ በምርመራው ሰዓት የጣሪያው ረጅም አምፖል ይጠፋል፣ ስልክና ቻርጀር ከክፍሉ ይወጣል፣ የግራውንድ ኤሌክትሮዱ ኮረንቲው በሚሰጥበትና በሚቀበለው መካከል በትክክል ይለጠፋል። ሞገዱ ካነሰ ባለሙያዋ አሥርና ሃያ ጊዜ ደጋግማ ትመታና አማካዩን ትወስዳለች። ታካሚው «ስንት ጊዜ ነው የምትነዝሪኝ» ብሎ ይቆጣል፣ ግን ያ ድግግሞሽ ነው ትንሿን ሞገድ ከጫጫታው የሚያወጣት። መብራት ሲሄድም ተስፋ አትቁረጡ፤ ማሽኑ በላፕቶፕ ባትሪ ስለሚሠራ ከመስመሩ የሚገባው ጫጫታ ይቀራል፣ አንዳንዴ ከሁሉ የጠራው ሞገድ የሚወጣው ያኔ ነው። ሞገዱ የሚበላሸው ጀነሬተሩ ሲነሳ ነው።

ታካሚው ከቤት ይዞት የሚመጣ ስህተትም አለ። ቫዝሊን ወይም ሎሽን የተቀባ ቆዳ ኤሌክትሮድ አይይዝም፣ ኮረንቲውም ያንሸራትታል፤ በዚያ ቀን ጠዋት እግርና እጅ በሳሙና ታጥቦ ሳይቀባ ይመጣ። አምባርና ቀለበት ይወልቅ፣ ሱሪው እስከ ጉልበት የሚሰበሰብ ይሁን። ጾም አያስፈልግም፣ መድኃኒትም አይቋረጥም። እግሩ ያበጠ ሰው ግን ቀድሞ ይናገር። ሉፐስ ኩላሊት ሲነካ እግር ያብጣል፣ በቆዳና በነርቭ መካከል የተጠራቀመው ውሃ ሞገዱን ያሳጥረዋል፣ ኮረንቲውም በቂ ሆኖ አይደርስም። ባለሙያው ይህን ካላስተዋለ ጤነኛ ነርቭ የሞተ ይመስላል።

ስለ ፓኬጆቹ። ማዕከሉ «ሁለት እግር» እና «አንድ ጎን» የሚሉ ሁለት ርካሽ አማራጮች አሉት፤ ስኳር ላለበት ሰው «ሁለት እግር» ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱም አይሆኑም። ቫስኩላይቲስ ነርቭን አንድ በአንድ፣ ዛሬ ቀኝ እግር፣ በሳምንቱ ግራ እጅ እያለ ነው የሚመታው። ቀኝና ግራ ካልተነጻጸሩ አይያዝም፤ ሁለቱም ቁጥር ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ሆኖ እንኳ አንዱ ከሌላው በግማሽ በላይ ቢያንስ ትርጉም አለው። ሾግረን ደግሞ አንዳንዴ የስሜት ነርቮች መነሻ የሆኑትን በአከርካሪ ዳር ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ይበላል። ያኔ ሰውየው ጉልበት አለው፣ ጡንቻው ይሠራል፣ ግን ዓይኑን ሲጨፍን እጁ የት እንዳለ አያውቅም፣ በጨለማ ይንገዳገዳል። በኮረንቲ ሲታይ የእንቅስቃሴ ነርቮች ደህና፣ የስሜቶቹ ደግሞ በእጅም በእግርም የጠፉ ሆነው ይገኛሉ። እጅ ካልተለካ ይህ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት እግርና ሁለት እጅ፣ የስሜትም የእንቅስቃሴም፣ ተብሎ ይታዘዝ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ግማሹን ከፍሎ ምንም የማይናገር ወረቀት ከመያዝ ይሻላል።

የመርፌው ምርመራ፣ ኢኤምጂ የሚባለው፣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በሁሉም ላይም አይሠራም። ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያዳምጣል። ሉፐስ ካለባቸው መካከል ደም የመርጋት ጸባይ ያላቸው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፣ የሌሎቹ ደግሞ ፕላትሌት (ደም እንዲቆም የሚያደርገው ሕዋስ) ይወርዳል፤ ሁለቱም መርፌው ከመግባቱ በፊት መነገር አለባቸው። እዚህ በመግቢያ ቅጹ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ በቃል ካልነገራችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። ፔስሜከር (የልብ ምት መቆጣጠሪያ) ያለውም እንዲሁ ይናገር።

ምርመራው የሚሠራበት ቀንም ለውጥ ያመጣል። ነርቭ በድንገት ሲሞት ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ወዲያው አይጠፋም። የእንቅስቃሴው ሞገድ እስኪጠፋ ሳምንት ያህል፣ የስሜቱ እስከ አሥርና አሥራ አንድ ቀን፣ መርፌው የሚያሳየው ለውጥ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን የተሠራ ምርመራ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ጫማው መሬት መጥረግ የጀመረ፣ የእግሩ ፊት አልነሳ ያለው ሰው፣ በተለይ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም እግሩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ካለው፣ ምርመራው እስኪደርስ ቤት አይጠብቅ። ቀጥታ የነርቭና የመገጣጠሚያ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ፣ ይሂድ። ቫስኩላይቲስ ከሆነ በከፍተኛ መጠን ፕሬድኒሶሎንና ሌላ የመከላከያ ማብረጃ ቶሎ ይጀመራል፤ የሞተ ነርቭ በወር አንድ ኢንች ያህል ነው የሚያድገው፣ የዘገየ ቀን ኋላ በወራት ይከፈላል።

የማዕከሉን ትልቁን ጥፋት አሁን እንናገር፤ ምርመራው ላይ ሳይሆን ከምርመራው በኋላ ውጤት በሚሰጥበት መስኮት የሚባለው ላይ ነው። ውጤቱ ኖርማል የሆነ ታካሚ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ ይሸኛል። ኮረንቲው የሚለካው ልባስ ያላቸውን ወፋፍራም ክሮች ብቻ ነው። ማቃጠል፣ መለብለብ፣ የሌሊት መጠዝጠዝ የሚሸከሙት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ሾግረንና ሉፐስ እነዚህን ለብቻቸው ሊጎዱ ይችላሉ። ያኔ እግር እንደ ፍም እየነደደ ሪፖርቱ ንጹሕ ይሆናል። ይህን የሚያረጋግጠው ከቁርጭምጭሚቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚወሰድ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ናሙና ነው፤ ለተራ ባዮፕሲ በሚሆነው ፎርማሊን ሳይሆን በተለየ ፈሳሽ ተይዞ የነርቭ ክሮቹ ይቆጠራሉ። ላቦራቶሪው በቅርብ ባይኖርም ሐኪም በክሊኒኩ በጥርስ መፋቂያ ጫፍና በቀዝቃዛ ብረት ቆዳውን ነክቶ ብዙ ያውቃል። መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማለት ያለበት «ወፋፍራሞቹ ነርቮች ደህና ናቸው፣ ወረቀቱን ለሐኪምዎ ይውሰዱ» ነው።

ሌላው የመስኮቱ ነገር ምድር ቤት ያለው መድኃኒት ቤት ነው። የደነዘዘ እግር ይዞ የወረደ ሁሉ የቢ1፣ ቢ6፣ ቢ12 ጥምር ይዞ ይወጣል። ቢ12 ጎድሎ ለደነዘዘ እግር ቢ12 ፍቱን ነው፤ ከሚታዘዙት የደም ምርመራዎች አንዱ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ቢ6 ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ጥምሮች አንዳንዱ በአንድ ፍሬ 200 ሚሊግራም ቢ6 ይይዛል፤ ለአዋቂ በቀን 2 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. የቀን ጣሪያውን 12 ላይ አስቀምጦታል። ሲበዛና ሲቆይ ቢ6 ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ የሚጎዳውም ሾግረን የሚበላውን ያንኑ የስሜት ሕዋስ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቢ6 ያስፈልገዋል፣ ያ በሐኪም በትንሽ መጠን ይሰጣል። ለሕመሙ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚታዘዝላቸው የሾግረን ታካሚዎችም ይወቁት፦ መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል፣ እነሱ ደግሞ አፋቸው ቀድሞ ደርቋል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን አማራጭ ናቸው፣ ኩላሊት ከተነካ ግን መጠናቸው ይቀነሳል።

የደም ናሙናም እዚሁ ይወሰዳል። ስኳር፣ ቢ12፣ ኩላሊት፣ ሽንት፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤኤንኤ (ራስን የማጥቃት ምልክት የሚፈልገው) የመሳሰሉት ምንም ችግር የላቸውም። ክራዮግሎቡሊን ከታዘዘ ግን እዚህ አትስጡ። ያ ፕሮቲን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ናሙናው ከተቀዳበት እስኪለይ 37 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። የዚህ ማዕከል ደም በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል፤ የሚመለሰው «የለም» ዋጋ የለውም። ምርመራው በሚሠራበት ቤት እዚያው መቀዳት ነው።

ሪፖርቱ ላይ «ፖሊኒዩሮፓቲ» (የብዙ ነርቮች ጉዳት) የሚል አንድ ቃል ብቻ መጻፍ ልማድ ሆኗል፤ ለሐኪም ምንም አይነግርም። ክሩ ነው ወይስ ልባሱ? እኩል ነው ወይስ ተበታትኗል? የስሜቱ ብቻ ነው ወይስ የእንቅስቃሴውም? ሦስቱ መመለስ አለባቸው። ተበታትኖ ከተገኘ ደግሞ ሁሉንም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ለሚመጡት በሽታዎች መስጠት አይገባም፤ በአገራችን አንድ በአንድ ነርቭ የሚመታ ሌላ የቆየ በሽታ አለ፣ ስጋ ደዌ። ስሜት ያጣ የገረጣ የቆዳ ምልክት፣ ክርን ኋላ ወይም ጉልበት ጎን በጣት የሚዳሰስ ያበጠ ነርቭ ካለ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ያየው።

መድረሻው ቀላል ነው። ባቡሩ አያት ድረስ ያመጣል፣ ከዚያ በሚኒባስ ጥቂት ነው። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ የደረጃው እጀታ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው። እግሩ የማይነሳ ሰው ደጋፊ ይዞ ይምጣ። የነርቭ ሐኪሙ በየቀኑ አይገባም፤ እሱ በሌለበት ቀን ኮረንቲው ይሠራል፣ መርፌው ግን አይሠራም፣ ስለዚህ ደውሎ ቀኑን መጠየቅ ነው። ውጤቱን በቴሌግራም ይልካሉ፤ ሲልኩ ማጠቃለያውን ገጽ ብቻ ነው የሚልኩት፣ የሞገዶቹ ሥዕልና የቁጥሩ ሠንጠረዥ ያሉበት ገጾችም አብረው እንዲመጡ ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ።